ውሻና ድመት በበጋ ሙቀት

በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ክፍል፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ ረጲ ከተባለው አካባቢ ቆሼ የሚባል ሥፍራ አለ። ስሙ ራሱ እንደሚያመለክተው፣ ከ1950ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ የከተማይቱ ቆሻሻ ሲጣልበት የኖረ ቦታ ነው። ከየሰፈሩ እየተጫነ የመጣው ጥራጊ በላይ በላዩ ተከምሮ ኮረብታ ሆኗል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት የኮረብታው አንድ ገጽ ተንዶ ከ110 የሚበልጡ ሰዎች ሕይወት ስለ ጠፋ፣ የሥፍራው ስም በአገር ውስጥም በውጭም በኀዘን ተነሥቷል። ስለዚያ አደጋ ሌላ ጊዜ በሰፊው መናገር ይቻላል። የዛሬው ጉዳያችን በዚያው ሥፍራና በዙሪያው ባሉት መንደሮች ከሰው ጋር አብረው ስለሚኖሩት እንስሳት ነው።

በቆሼ ውሾች ብዙ ናቸው። ጠዋት ጠዋት ከአባ ኮዳና ከጥንብ አንሳ ጋር እየተሻሙ አጥንት ሲፈልጉ ይታያሉ። በመጋቢት ወይም በሚያዝያ ወር ከቀኑ ሰባት ሰዓት ገደማ ወደዚያ ብቅ ያለ ሰው ግን ጠዋት ያያቸውን ውሾች በቀላሉ አያገኛቸውም። አንዱ ከቆመ የጭነት መኪና ሥር ተጋድሟል፤ ሌላው ከግንብ ጥግ ተለጥፏል፤ ሦስተኛው በቦይ ድልድይ ውስጥ ገብቷል። ጥላ ያላገኘው ደግሞ መሬቱን በፊት እግሮቹ ቆፍሮ፣ ፀሐይ ያልነካውን ቀዝቃዛ አፈር ገልጦ፣ ሆዱን በዚያ ላይ አሳርፎ ይተኛል። ይህን ያስተማራቸው የለም። ሙቀት ሲበረታ መንቀሳቀስን መቀነስ፣ ጥላ መፈለግ፣ ሆድን ከቀዝቃዛ መሬት ጋር ማገናኘት ከተፈጥሯቸው ያገኙት ጥበብ ነው።

ባለቤት የሌለው ውሻ በምግብና በሕክምና ረገድ የተጎዳ ቢሆንም፣ በዚህ በአንድ ነገር ግን ከብዙ ባለቤት ካላቸው ውሾች ይሻላል፤ የሚተኛበትን ቦታ ራሱ ይመርጣል። በሰንሰለት የታሰረ ውሻ ይህ ምርጫ የለውም። ጠዋት ጥላ የነበረው የአጥር ጥግ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ይሆናል፤ ውሻው ግን የሰንሰለቱ ርዝመት ከሚፈቅድለት አልፎ ሊሄድ አይችልም። ስለዚህ ውሻን አስሮ የሚያውል ሰው፣ ውሻው በራሱ ሊያደርገው ይችል የነበረውን ሁሉ የማድረግ ኃላፊነት በራሱ ላይ ወስዷል ማለት ነው።

«አዲስ አበባ ምን ሙቀት አለና?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እርግጥ ነው፤ ከተማይቱ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ ሞቃት በሚባሉት ወራት እንኳ የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት በአማካይ ከ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብዙም አይርቅም። ነገር ግን ይህ ቁጥር የሚለካው በጥላ ሥር፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ መሆኑን ልብ በሉ። በከፍታ ሥፍራ አየሩ ስስ ስለሆነ የፀሐይ ጨረር ብርቱ ነው። የቤት ክዳን፣ አጥርና የውሻ ማደሪያ የሚሠሩበት ቆርቆሮ ደግሞ ጨረሩን ተቀብሎ በእኩለ ቀን እጅ የማያስነካ ይሆናል። በቆርቆሮ በተሠራ፣ መስኮት በሌለው ትንሽ ማደሪያ ውስጥ የሚውል ውሻ የሚኖርበት ሙቀት የአዲስ አበባ ሙቀት ሳይሆን የዚያች ጠባብ ሣጥን ሙቀት ነው።

እዚህ ላይ አንድ የቋንቋ ጉዳይ እናንሣ። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ስለ ቤት እንስሳት የተጻፉ መጻሕፍት ሞቃቶቹ ወራት ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ እንደሆኑ ይናገራሉ። ተርጓሚው ይህን ወቅት «በጋ» ብሎ ሲተረጉመው ቃሉ ትክክል ይመስላል፤ ወራቱ ግን አይገጥሙም። በእነዚያ ወራት ደጋው አገራችን ክረምት ነው፤ ዝናብና ጭቃ ነው። ለእኛ የሙቀቱ ጊዜ ከየካቲት እስከ ግንቦት ያለው ነው። በቆላው አገር ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። በአፋር የሚገኘው ዳሎል ከ1960 እስከ 1966 እ.ኤ.አ. በተደረገው ልኬታ የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ በላይ ሆኖ ስለ ተመዘገበ፣ ሰው ከኖረባቸው የዓለም ሥፍራዎች ሁሉ እጅግ ሞቃቱ ተብሎ ይታወቃል። በመተማ፣ በሑመራ ወይም በጋምቤላ ውሻ የሚያሳድግ ሰው ከዚህ በታች የሚነገረውን በእጥፍ ጥንቃቄ ሊመለከተው ይገባል።

ሙቀት እንስሳውን እንዴት እንደሚጎዳ ለመረዳት፣ አስቀድሞ ሰውነቱ ሙቀትን እንዴት እንደሚያስወግድ ማወቅ ያስፈልጋል። የጤነኛ ሰው የሰውነት ሙቀት 37 ዲግሪ ያህል ሲሆን፣ የውሻና የድመት ግን ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ገደማ ነው። ሰው ሲሞቀው መላ ቆዳው ያልበዋል፤ ላቡ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ውሻ ግን ከመዳፎቹ የታችኛው ገጽ በቀር ይህን ዓይነት ላብ አያልበውም። ያም ቢሆን ሰውነቱን ለማቀዝቀዝ አይበቃም። ስለዚህ ትነቱን ከቆዳው ላይ ወደ አፍንጫው፣ ወደ አፉና ወደ ምላሱ አዛውሮታል። ይህም ማለክለክ የምንለው ነው።

«አለከለከ» የሚለውን ግስ ተመልከቱ። እንደ «አንቀጠቀጠ» እና እንደ «አብለጨለጨ» ሁሉ ድምፆቹ ተደጋግመው የተሠራ ነው፤ ድግግሞሹም የድርጊቱን ፈጥኖ መመላለስ ያሳያል። ድርጊቱም በእውነት ተደጋጋሚ ነው። አርፎ የተኛ ውሻ በደቂቃ ከ15 እስከ 30 ጊዜ ያህል ይተነፍሳል፤ ሲያለከልክ ግን ቁጥሩ 300 እና ከዚያም በላይ ይደርሳል። እያንዳንዱ ትንፋሽ አጭር ስለሆነ አየሩ የሚመላለሰው በአብዛኛው በአፍንጫ፣ በአፍና በጉሮሮ ላይ ነው። ኑሮውን በአሜሪካ ያደረገው ኖርዌያዊ ተወላጅ ሳይንቲስት ክኑት ሽሚት ኒልሰንና ባልደረቦቹ በ1970 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ የሚያለከልክ ውሻ አየሩን በአብዛኛው በአፍንጫው እያስገባ በአፉ እንደሚያስወጣ አሳይተዋል። ደረቁ አየር በእርጥቡ የአፍንጫ ገጽ ላይ ያልፋል፤ እርጥበት ያነሣል፤ ሙቀቱን ተሸክሞ በአፍ ይወጣል።

አንድ ግራም ውሃ በሰውነት ሙቀት ሲተን 580 ካሎሪ ያህል ሙቀት ይወስዳል። በዚህ ስሌት፣ አሥር ኪሎ ግራም የሚመዝን ውሻ ሰውነቱን በአንድ ዲግሪ ለማቀዝቀዝ ወደ አሥራ አምስት ግራም ውሃ ማትነን ይኖርበታል። ይህ ከአንድ የሾርባ ማንኪያ አይበልጥም። ነገር ግን ፀሐዩ ያለማቋረጥ ሙቀት ሲጨምርበት ውሻው ያንኑ ማንኪያ ደግሞ ደጋግሞ ማውጣት አለበት። ውሃ ካልተተካለት ምራቁ ይወፍራል፤ ምላሱ ይደርቃል፤ የሚተን ነገር ይጠፋል።

ሌላም ችግር አለ። አየሩ ራሱ በእርጥበት የተሞላ ከሆነ ውሃ በቀላሉ አይተንም። መስኮቱ በተዘጋ መኪና፣ በኮንቴይነር ወይም በጠባብ ዕቃ ቤት ውስጥ የተቆለፈ ውሻ ባለከለከ ቁጥር አየሩን በራሱ ትንፋሽ ያረጥበዋል። መዳኛው የነበረው ማለክለክ ጥቅም የለሽ ድካም ይሆንበታል። አፈ ሙዛቸው አጭርና ጠፍጣፋ የሆነ ዝርያዎች ደግሞ የትነቱ ገጽ ስለሚያንሳቸው ከሁሉ ይልቅ ይጎዳሉ። የአገራችን ውሻ በአብዛኛው አፈ ሙዙ ረዘም፣ ጠጉሩ አጠር ያለ በመሆኑ በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነው። ለጥበቃ ተብለው የሚገዙት ጠጉረ ረጃጅሞቹ የጀርመን ሼፐርድ ዘሮች፣ ያረጁና የወፈሩ ውሾች፣ እንዲሁም ቡችሎች የበለጠ ጥንቃቄ ይሻሉ።

የድመት ጠባይ ከዚህ ይለያል። የቤት ድመት የተገኘችው በደረቅና በሞቃት አገር ከሚኖር የዱር ድመት ነው። ኩላሊቷ ውሃ ቆጣቢ ነው፤ ሽንቷን አወፍሮ ያስወጣል። ሲሞቃት ጠጉሯን በምራቅዋ ትልሳለች፤ ምራቁ ሲተን ያቀዘቅዛታል። ብዙ ጊዜም ታስራ ስለማትውል የቤቱን ቀዝቃዛ ጥግ ፈልጋ ታገኛለች፤ ከአልጋ ሥር፣ ከውሃ በርሜል ጎን፣ ከሲሚንቶ ወለል ላይ ተዘርግታ ትውላለች። ስለዚህ ሰዎች ድመት ሙቀት አይነካትም ብለው ያስባሉ። ይህ ስሕተት ነው። ለውሻ ማለክለክ የዘወትር ሥራው ነው፤ ድመት ግን አፏን ከፍታ ስታለከልክ ከታየች ነገሩ ከጠናባት በኋላ ነውና ፈጥኖ መርዳት ያስፈልጋል። ነጭ ድመቶች ደግሞ በጆሮአቸው ጫፍና በአፍንጫቸው ላይ ቀለም ስለሌላቸው የእኩለ ቀን ፀሐይ ቆዳቸውን ያቃጥለዋል፤ ቁስሉ በየዓመቱ ሲደጋገም ወደ ነቀርሳ ሊለወጥ ይችላል።

እንግዲህ ምን ማድረግ ይገባል? ከሁሉ አስቀድሞ የውሻውን ማሰሪያ ቦታ እንመርምር። ምርመራው ቀላል ነው። አንድ የዕረፍት ቀን በሦስት ሰዓት፣ በስድስት ሰዓትና በዘጠኝ ሰዓት ወደ ውሻው ሄዶ ጥላው የት እንዳለ ማየት ነው። በሦስቱም ጊዜ ውሻው ሰንሰለቱ ሳያግደው ጥላ የሚያገኝ ከሆነ መልካም ነው። ካልሆነ ማሰሪያውን ማዛወር፣ ወይም በሁለት ችካሎች መካከል ሽቦ ወጥሮ ሰንሰለቱ በሽቦው ላይ እንዲንሸራተት ማድረግ ይቻላል። ይህ ዘዴ ብዙ ወጪ የለውም፤ ለውሻው ግን ግቢውን ከዳር እስከ ዳር ይሰጠዋል። ማደሪያው የቆርቆሮ ከሆነ ከክዳኑ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርጎ ሰሌን፣ ጆንያ ወይም የሣር ክዳን መዘርጋት ይጠቅማል። በሁለቱ መካከል ነፋስ እንዲያልፍ ክፍተት መተው አለበት፤ በቆርቆሮው ላይ የተለጠፈ ጆንያ ሙቀቱን ያቀብላልና። ማደሪያው በፊት ብቻ ሳይሆን በኋላም ቀዳዳ ቢኖረው አየር ይመላለስበታል።

ሁለተኛው ውሃ ነው። አንድ ውሻ በተለመደው ቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደቱ ከ50 እስከ 60 ሚሊ ሊትር ያህል ውሃ ያስፈልገዋል። ሃያ ኪሎ የሚመዝን ውሻ እንግዲህ ከአንድ ሊትር ያላነሰ፣ በሙቀት ቀን ደግሞ ከዚያ ብዙ ይጠጣል። ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ውሃ በጀሪካን ተቀድቶ በሚመጣበት ቤት፣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ለሰው ያልበቃውን ውሃ ለውሻ መስጠት አንዳንዱን ያስገርመው ይሆናል። ሆኖም አንድ ሊትር ተኩል ውሃ እጅ ከሚታጠብበት ያነሰ ነው። ለውሻ የዕቃ እጣቢ መስጠት ግን አይገባም፤ ሳሙናው፣ ጨውና በርበሬው ጥማቱን ያብሰዋል እንጂ አያረካውም። አትክልት ወይም ሩዝ የታጠበበት ሳሙና ያልነካው ውሃ ቢሰጠው ነውር የለውም።

ዕቃውም ሊታሰብበት ይገባል። የቆርቆሮ ጣሳ በፀሐይ ቶሎ ይግላል፤ ሰንሰለቱም ጎትቶ ይደፋዋል። ከዚህ ይልቅ አፈ ሰፊ የሸክላ ዕቃ ወፍራምና ከባድ በመሆኑ አይገለበጥም። ያልተቀባ ሸክላ በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ጥቂት ውሃ ያልበዋል፤ ያም ውሃ ከውጭ ገጹ ላይ ሲተን ውስጡ ያለውን ያቀዘቅዛል። በውሻው ምላስ ላይ የሚሠራው ሕግ በገንቦውም ላይ ይሠራል ማለት ነው። እናቶቻችን የመጠጥ ውሃ በእንስራ ሲያኖሩ ይህን በተግባር ያውቁት ነበር። ለድመት የሚሆነው ዕቃ ከምግቧ ራቅ ብሎ፣ ጸጥ ባለ ቦታ ቢቀመጥ ይመረጣል፤ አለዚያ ትንቀዋለች። ድመት በነገሩ ሁሉ መራጭ ናት።

ምግብ ጠዋት ቀደም ብሎና ማታ ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ መስጠት ይሻላል፤ የምግብ መፈጨት ራሱ ሙቀት ይጨምራልና። ውሻን ለመንሸራሸር ማውጣትም እንዲሁ ነው፤ ከአምስት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ባለው ጊዜ አስፋልት ላይ ማስኬድ አይገባም። አየሩ 25 ዲግሪ በሚሆንበት ፀሐያማ ቀን ጥቁሩ አስፋልት 50 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። የእጃችሁን ጀርባ በአስፋልቱ ላይ አኑራችሁ ከአንድ እስከ ሰባት መቁጠር ካልቻላችሁ፣ ውሻው በባዶ መዳፉ እንዲሄድበት አታድርጉ። የረዥም ጠጉር ውሻን እስከ ቆዳው ድረስ መላጨትም አይጠቅምም፤ ቆዳውን ለፀሐይ ያጋልጠዋል። የረገፈውን ጠጉር በማበጠሪያ ማውጣት በቂ ነው።

በከተማችን በተለምዶ የሚደረግ፣ ብዙም የማይነገርለት ሌላ ነገር አለ። የማትፈለግን ድመት ወይም የተወለዱ ቡችሎችን በማዳበሪያ ከረጢት አስሮ፣ ወደ ሌላ ሰፈር ወስዶ መጣል ነው። ቆሼም እንዲህ ዓይነት «ጭነት» ከሚወርድባቸው ሥፍራዎች አንዱ ሆኖ ኖሯል። የላስቲክ ከረጢት ትንፋሽም እርጥበትም አያሳልፍም። በፀሐይ ላይ የተቀመጠ እንደሆነ፣ በውስጡ ያለው እንስሳ ከረጢቱ ሳይፈታ በሙቀት ሊሞት ይችላል። እንስሳ ማጓጓዝ ግድ ከሆነ በጎን በጎኑ የተበሳ ካርቶን ወይም የሽቦ ቅርጫት ይሻላል። የቆመ መኪናም ያው ነው፤ መለስተኛ ሙቀት ባለበት ቀን እንኳ በፀሐይ የቆመ የተዘጋ መኪና ውስጡ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ከ40 ዲግሪ ያልፋል።

በሙቀት የተመታ ውሻ የሚታወቀው እንዲህ ነው፤ ማለክለኩ ይበረታል፤ ለሃጩ ወፍሮ ይዝረበረባል፤ ምላሱና ድዱ ከመጠን በላይ ይቀላሉ፤ ይንገዳገዳል፤ ያስታውከዋል ወይም ያስቀምጠዋል። የሰውነቱ ሙቀት ከ41 ዲግሪ ሲያልፍ ይንቀጠቀጣል፤ ራሱንም ይስታል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ጊዜ በደቂቃዎች የሚቆጠር ነው።

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ በመምህርነት ሳለ፣ አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ «የማልረሳው ቀን» በሚል ርእስ የጻፈውን ድርሰት እስከ ዛሬ ያስታውሳል። የልጁ ውሻ ቡቺ ይባል ነበር። በአንድ የሚያዝያ ቀን ቤተ ሰቡ ለቅሶ ሄዶ ሲውል፣ ውሻው ከቆርቆሮ አጥር ሥር ታስሮ፣ የውሃ ጣሳው ተደፍቶ ዋለ። ከሰዓት በኋላ ለሃጩን እያዝረበረበ ሲንገዳገድ ያዩት የሰፈር ሰዎች «አብዷል!» ብለው ጮኹ፤ በድንጋይም ገደሉት። ልጁ ከለቅሶው ሲመለስ ያየው ባዶውን ሰንሰለት ነው። ውሻው ማበድ አለማበዱን የመረመረ አልነበረም። ድርሰቱ በሥርዓተ ነጥብ ረገድ ብዙ ጉድለት ነበረበት፤ አስተማሪው ግን ቀይ እስክሪብቶውን ለረዥም ጊዜ ማንሣት አልቻለም።

ሰዎቹን መውቀስ ቀላል ነው፤ ፍርሃታቸው ግን ከንቱ አልነበረም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም፤ በዓለም ላይ በየዓመቱ በአሥር ሺህዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ይገድላል፤ አብዛኞቹም በአፍሪካና በእስያ ያሉ ናቸው። ሁለቱን የሚለየው ዋናው ነገር ጊዜ ነው። በሙቀት የተመታ ውሻ ጠዋት ደኅና ውሎ በፀሐይ ላይ ከቆየ በኋላ በሰዓታት፣ አልፎም በደቂቃዎች ውስጥ ይታመማል፤ ትንፋሹም እጅግ ፈጣን ነው። ያበደ ውሻ ግን ጠባዩ በቀናት ውስጥ ይለወጣል፤ ይደበቃል ወይም ያልነካውን ይነክሳል፤ ድምፁ ይጎረናል፤ ጉሮሮው ስለሚሰንፍ መዋጥ ያቅተዋል፤ በአሥር ቀን ገደማ ውስጥም ይሞታል። ቢሆንም በሩቅ ሆኖ መለየት ሁልጊዜ አይቻልም። ስለዚህ የማታውቁትን፣ ክትባቱን ያላረጋገጣችሁትን ውሻ በእጃችሁ አትንኩ። ጥላ ሥር የውሃ ዕቃ አኑራችሁ ራቁ፤ ለአዋቂ ሰው ተናገሩ። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በውሃና በሳሙና ለአሥራ አምስት ደቂቃ አጥቦ፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይኖርበታል። ለራሳችሁ ውሻ በየዓመቱ ክትባት ማስከተብና ወረቀቱን መያዝ፣ እንደ ቡቺ ባለው ቀን ለውሻውም ለሰፈሩም ዋስትና ነው።

ክትባቱን የወሰደ የራሳችሁ ውሻ በሙቀት ከተመታ፣ ቶሎ ወደ ጥላ አውጡት። አንገቱን፣ ሆዱን፣ ብብቱንና መዳፎቹን በቀዝቃዛ ውሃ እያራሳችሁ በካርቶን ወይም በሰፌድ አራግቡለት። ቀድሞ ውሃው እጅግ የቀዘቀዘ መሆን የለበትም ይባል ነበር፤ አሁን ባለው ዕውቀት ግን የተገኘው ውሃ ከውሻው ሰውነት እስከ ቀዘቀዘ ድረስ ሳይዘገዩ ማፍሰስ ይመከራል። እርጥብ ፎጣ አልብሶ መተው ግን ጥቅም የለውም፤ ፎጣው ትነቱን ያፍነዋልና። ራሱን ካልሳተ ውሃ ጥቂት በጥቂት እንዲጠጣ ስጡት፤ በግድ ግን በአፉ አታፍሱበት፤ ወደ ሳንባው ይገባል። ትንፋሹ ረግቦ በእግሩ መቆም ሲጀምር ማራሱን አቁሙ፤ አለዚያ ሰውነቱ ከልክ በታች ይቀዘቅዛል።

ከዚህ በኋላ ውሻው ተነሥቶ ጅራቱን ቢቆላም እንኳ ወደ እንስሳት ሐኪም መውሰድ ያስፈልጋል። ከፍተኛ ሙቀት ኩላሊትንና የደምን መርጋት ያውካል፤ ጉዳቱም ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ሊገለጥ ይችላል። ሐኪሙ ዘንድ ስትደርሱ ውሻው የት ታስሮ እንደ ነበር፣ ስንት ሰዓት በፀሐይ እንደ ቆየና በጣሳው ውስጥ ውሃ ተርፎ እንደ ሆነ በትክክል ንገሩት፤ የመጀመሪያ ጥያቄዎቹ እነዚህ ናቸው።